የባለ እጆቹ መንደር፤ ወለቃ

ጎንደር ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው የፋሲል ግንብ ነው። አፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሩ ወዲህ ነገሥታቱ እየተከታተሉ ያሠሯቸው አብያተ መንግሥታት በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበው የሩቁንም የቅርቡንም እንግዳ ሲያስደንቁ ይኖራሉ። እንግዳው የንጉሡን ስም ይጠይቃል፤ አስጎብኚውም ይነግረዋል። ድንጋዩን የጠረበውን ግንበኛ፣ በሩን ያበጀውን አናጢ፣ ጦርና ማረሻ የቀጠቀጠውን ብረት ሠሪ፣ ለቤተ መንግሥቱ ማድ ቤት ጋንና እንስራ ስታቀርብ የኖረችውን ሸክላ ሠሪ ግን ማን ናቸው ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም።

ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ከግንቡ አጥር ወጥቶ ወደ ደባርቅ በሚወስደው አውራ ጎዳና 6 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ ከመልሱ ከፊሉን ያገኛል። ሥፍራው ወለቃ ይባላል። ትንሽ መንደር ነው። ግንብ የለው፣ አደባባይ የለው፤ የሚታየው ጎጆ፣ ባሕር ዛፍ፣ የጭቃ ክምርና የእሳት አመድ ነው። ይሁን እንጂ በከተማ የምንኖር እናቶች በየቀኑ እንጀራ የምንጋግርበት ምጣድ፣ ቡና የምናፈላበት ጀበና በማን እጅ፣ በምን ድካም እንደሚሠራ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ቢያየው የሚበጀው መንደር ነው።

መንገዱና መንደሩ

ከጎንደር ፒያሳ ወደ ሰሜን ሲወጣ የባጃጁና የሚኒባሱ ጩኸት ወዲያው አይለቅም። ሱቁ፣ ጋራዡ፣ አዲስ የሚሠራው ፎቅ ለጥቂት ጊዜ ይከተላል። ከዚያ በኋላ ቤቱ እየሳሳ፣ ማሳው እየሰፋ፣ አየሩም እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በኅዳር ወር የተጓዘ ሰው በመንገዱ ዳርና ዳር የደረሰ ጤፍ፣ ጭድ የተጫኑ አህዮች፣ ከሁሉ ይልቅ ግን ጀርባቸው በእንጨት ሸክም ጎብጦ ወደ ከተማው የሚወርዱ ሴቶችን ያያል። መኪና ሲመጣ ወደ ዳር ጠጋ ይላሉ፤ ቀና ብለው ለማየት ግን ሸክሙ አይፈቅድላቸውም።

ወለቃ ሲደርሱ በመጀመሪያ የሚታዩት በጎዳናው ዳር በተርታ የተደረደሩት የሸክላ ዕቃዎች ናቸው። ጀበናው፣ ድስቱ፣ የዕጣን ማጨሻው፣ ከጣት የማይበልጡት የሸክላ ምስሎች በመደብ ላይ ተሰልፈው ገዢ ይጠብቃሉ። ከእነርሱ በስተኋላ ቀጭን መንገድ ወደ ጎጆዎቹ ይገባል። ከቤቶቹ አንዳንዶቹ የሣር ክዳን፣ ብዙዎቹ ደግሞ ቆርቆሮ ናቸው። በመካከላቸው ከሌሎቹ እምብዛም የማይለይ አንድ ክብ ቤት አለ፤ በጉልላቱ ላይ ግን መስቀል ሳይሆን ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ይታያል። ይህ የቤተ እስራኤል የጸሎት ቤት ነው።

ከዋናው መንገድ ጥቂት እርምጃ ገባ ሲሉ ጸጥታው ያስደንቃል። ከሩቅ ውሻ ይጮኻል፤ ዶሮ ይጮኻል፤ ሕፃን ያለቅሳል። በመካከሉ አንድ ወጥ ድምፅ ይሰማል፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። እህል የሚወቀጥ ይመስላል እንጂ አይደለም። የሚወቀጠው አፈር ነው።

የመንደሩ ሰዎች እነማን ነበሩ?

ወለቃ ለብዙ ዘመን የቤተ እስራኤል መንደር ነበር። ቤተ እስራኤል ኦሪትን የሚያጠብቁ፣ ቅዳሜን የሚያከብሩ፣ በግዕዝ የሚጸልዩ፣ በጎንደር፣ በሰሜንና በአካባቢው ተበትነው የኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ሌላው ሰው «ፈላሻ» ይላቸው ነበር። ቃሉ ከ«ፈለሰ» ጋር የተያያዘ ነውና አገር የሌለው፣ መጻተኛ እንደማለት ይሰማል። እነርሱ አይወዱትም፤ ራሳቸውን የሚጠሩት ቤተ እስራኤል ብለው ነው። ዛሬም በትክክለኛ ስማቸው መጥራት ተገቢ ነው።

ርስት በተነፈጉበት አገር ገበሬ ጭሰኛ ይሆናል፤ ያም ሳይበቃው ሲቀር እጁን ይመለከታል። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፤ ሸማ ሠራ፤ ግንብ ገነባ፤ እንጨት ጠረበ። ሴቷ ሸክላ ሠራች። ጎንደር ስትቆረቆርና ግንቦቿ ሲታነጹ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ከሌሎች ጋር እንደሠሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ከተማዋ የእጃቸውን ሥራ ብትወድም ሰዎቹን ግን ራቅ አድርጋ ማኖርን መረጠች። በ1660 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገ ጉባኤ፣ እስላሞችም ሆኑ ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሠፈር እንዲቀመጡ ተወሰነ።

በጎንደር አገር የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው «ባለ እጅ» ይባላል። ቃሉን ደጋግሞ ላሰበው ሰው ምንኛ መልካም ስም ነው! እጅ ያለው፣ እጁን የሚያውቅበት ማለት አይደለምን? ዳሩ ግን ይህ መልካም ስም ለብዙ ዘመን ስድብ ሆኖ ኖረ። ባለ እጅ ቡዳ ነው ተባለ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ሕፃን ሲታመም ጥርጣሬው በሸክላ ሠሪዋ ላይ ወደቀ። ጠዋት ምጣዷን በገበያ የገዛቻት እመቤት፣ ማታ ልጇን ከዓይኗ ሸሸገች። ምጣዱ ግን ከማድ ቤት አልወጣም፤ እንጀራውም ተበላ።

ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን የተረዱ ሰዎች ቀድሞም ነበሩ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብን የሚያወግዝና ሰውን በሥራው መናቅ አገርን ወደኋላ እንደሚያስቀር የሚናገር ዐዋጅ አስነግረዋል። የመሬቱ ነገር ደግሞ እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ቆየ። በዚያን ቀን የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር፣ ከጭሰኞቹ መካከል የነበሩ የቤተ እስራኤል ገበሬዎችም መሬት የማግኘት መብት አገኙ። ቡዳ የሚለው ሐሜት ግን እንደ ጭሰኝነት በአንድ ዐዋጅ የሚወገድ አልሆነም። በየቤቱ፣ በየምድጃው ዳር፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነውና የሚወገደውም እዚያው በምድጃው ዳር ነው።

የሴቶቹ ኑሮ

የቤተ እስራኤል እናቶች የሳምንቱን ኑሮ የሚመሩት በሰንበት ነበር። ዓርብ ጀንበር ሳትጠልቅ ቤቱ ይጠረጋል፤ ልብስ ይታጠባል፤ ዳቦው ይጋገራል፤ ወጡ ይሠራል። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ እሳት አይነድም፤ ውኃ አይቀዳም፤ እንጨት አይለቀምም። ቅዳሜ ቀን የሚበላው ዓርብ የተሠራው ነው። በአንድ በኩል ሃይማኖታዊ ሥርዓት ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ስድስቱን ቀን ስትፈጭ፣ ስትቀዳና ስትሸከም ለምትሰነብት ሴት እውነተኛ ዕረፍት ነበር። ቅዳሜ ገበያ በሚውልበት አገር ግን ዕረፍቱ ዋጋ አለው። ሌላው ነጋዴ ሲሸጥ የሰንበት ጠባቂዋ ሸክላ በቤቷ ይውላል።

ሌላው ስለ መንደሩ የሚነገረው ነገር የሴቶቹ ጎጆ ነው። ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤቷ ወጥታ በድንጋይ ክበብ በታጠረ በተለየ ጎጆ ሰባት ቀን ትቀመጥ ነበር። ስትወልድ ደግሞ፣ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን በአራስነት ተለይታ ትቆያለች፤ በኦሪት ዘሌዋውያን የተጻፈው ሥርዓት ይህ ነውና። ምግቡን ቤተሰብ ያመጣላታል፤ ያቀበላት ሰው ግን እንዳይነካት ይጠነቀቃል።

የከተማ ሴት ይህን ስትሰማ «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!» ማለቷ አይቀርም። በብርድ ሌሊት ጨቅላ ታቅፎ በጠባብ ጎጆ ማደር ቀላል አይደለም። ይሁንና በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለፉ እናቶች ለተመራማሪዎች የነገሩት ሁለት ወገን አለው። በጎጆው ውስጥ ወፍጮ የለም፤ እንስራ የለም፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጦ የልብን ማውጋት አለ። ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ብዙዎቹ ልማዱ በፎቅ ቤት ውስጥ ሊቀጥል ባለመቻሉ ተጨንቀው ነበር። እኛ ከዚህ የምንማረው ልማዱን መመለስ አይደለም። ሴት ልጅ በወር አበባዋ ሰሞንና በአራስነቷ ዕረፍት እንደሚያስፈልጋት ያ ሥርዓት በራሱ መንገድ ዐውቆት ነበር። ዛሬ ከሥራ ገብታ፣ ልጅ አጥባ፣ ራት ሠርታ፣ እኩለ ሌሊት ለምትተኛው የከተማ እናት ይህን ዕረፍት የሚሰጣት ማን ነው? ጥያቄው ለባሎችም ጭምር ነው።

አፈር ምጣድ እስኪሆን

አሁን ወደዚያ ዱም፣ ዱም ወደሚለው ድምፅ እንመለስ። ከአንድ ጎጆ በረንዳ ሥር ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አንዲት እናት የደረቀ አፈር ይወቅጣሉ። እንግዳ ሲያዩ ዘነዘናውን አቆም አድርገው፣ «ደኅና ዋልሽ ልጄ፤ ነይ ጥላ ግቢ» አሉኝ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ድረስ በጭቃ ተለቅልቋልና ለሰላምታ የዘረጉልኝ የክንዳቸውን ላይኛ ጎን ነው።

«እማማ፣ አፈሩ ከየት ይመጣል?» አልኳቸው።

«ከዚያ ከተረተሩ ወዲያ ነው። በዶማ ተቆፍሮ በጀርባ ነው የሚመጣው። ሁሉም አፈር ሸክላ አይሆንም ልጄ፤ እንደ ሰው ጠባይ አለው።»

ሥራው ሲታይ እንዲህ ነው። የመጣው አፈር በፀሐይ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ እንደ ዱቄት ይነፋል። በውኃ ርሶ ያድርና እንደ ሊጥ ይታሻል። ብቻውን ቢሠራ በእሳት ጊዜ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የተሰበረ አሮጌ ሸክላ ተወቅጦ፣ ደቅቆ ይቀላቀልበታል። በዚህ ዓይነት የአንዷ እመቤት የተሰበረ ድስት በሌላዋ አዲስ ምጣድ ውስጥ ይገባል። የሚጣል ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ መሥራት ነው። የሚሽከረከር መኪና የለም። የሚሽከረከሩት የእጅና የዓይን ልክ ናቸው። ጭቃው በመዳፍ ይጠፈጠፋል፤ እንደ ገመድ ተድቦልቡሎ እየተደራረበ ይቆማል፤ በእርጥብ እጅ ይለሰልሳል። ጀበና ከሆነ ሆዱ ለብቻ፣ አንገቱ ለብቻ፣ ጆሮው ለብቻ ተሠርቶ ይጋጠማል። ጥቂት ሲጠነክር ከወንዝ በመጣ ልሙጥ ጠጠር እስኪያብረቀርቅ ይታሻል። እማማ የሚያሹበት ጠጠር መሐሉ ጎድጉዷል። «የእናቴ ነው» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ምጣድ ነው። ሰፊ፣ ስስና ዝርግ በመሆኑ ጥቂት ከተጣመመ ሊጡን ወደ አንድ ወገን ያፈሰዋል፤ ጥቂት ከወፈረ እንጨት ይፈጃል፤ ጥቂት ከሳሳ ይሰበራል። የተሠራው ዕቃ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ለብዙ ቀን ይደርቃል። ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ አልደርቅ ይላል። በመጨረሻ የእሳቱ ቀን ይመጣል። በጎድጓዳ መሬት ላይ ኩበት፣ እንጨትና ጭድ ይነጠፋል፤ ዕቃው ይደረደራል፤ እንደገና በኩበት ይሸፈንና ይለኮሳል። ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ደረት ያፍናል። ጥቁር እንዲሆን የተፈለገው ዕቃ ትኩሱን በጭድ ታፍኖ ይታጠናል።

በዚያ እሳት ውስጥ የሁለት ሳምንት ድካም አለ። ነፋስ ቢነሣ፣ ያልደረቀ ነገር ቢገባ፣ አንዱ ሲፈነዳ አጠገቡ ያለውንም ይዞ ይሄዳል። «እኛ የምንሸጠው እሳት የመረቀልንን ነው» አሉ እማማ። ይህን ካሉ በኋላ አንድ ገዢ መኪናውን በመንገዱ ዳር አቁሞ የጀበናውን ዋጋ ጠየቀ። ሲነገረው «ለጭቃ?» አለና ሄደ። እማማ ወደ ወቀጣቸው ተመለሱ።

የሄዱትና የቀሩት

ዛሬ በወለቃ የሚኖሩት አብዛኞቹ ሰዎች ቤተ እስራኤል አይደሉም። የመንደሩ የቀድሞ ሰዎች ሄደዋል። በ1977 ዓ.ም. በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ከጎንደርና ከአካባቢው በእግራቸው ወደ ሱዳን ተጉዘው፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ያን መንገድ ጀምረው በበረሃና በመጠለያ ካምፕ የሞቱት 4 ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ብዙዎቹም ሕፃናትና አረጋውያን ነበሩ። ከዚያ በኋላ የቀሩት በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. ቀዬአቸውን እየተዉ ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በ36 ሰዓት ውስጥ 14 ሺህ 3 መቶ ያህል ሰዎች ከአዲስ አበባ ተጓዙ። በጉዞው ላይ፣ በአየር ውስጥ የተወለዱ ልጆች ነበሩ። እናቶቻቸው ጠዋት የለቀቁት አገር አንድ፣ ልጃቸውን ታቅፈው የወረዱበት አገር ሌላ ሆነ።

አሁን በእስራኤል ከኢትዮጵያ የመጡና እዚያ የተወለዱ ልጆቻቸው ከ160 ሺህ በላይ ሆነዋል። በየዓመቱ ብዙውን ጊዜ በኅዳር የሚውለው የስግድ በዓላቸው በ2000 ዓ.ም. በዚያች አገር በሕግ ታውቋል። በጎንደርና በአዲስ አበባ ደግሞ ዘመዶቻቸውን ለመከተል ለብዙ ዓመት ሲጠብቁ የኖሩ ቤተሰቦች አሉ። እናት በአንድ አገር፣ ልጅ በሌላ አገር ሆነው የሚተያዩት በስልክ ነው። የዚህ ነገር ክብደት ለእናት አይነገራትም፤ ታውቀዋለችና።

ሸክላውስ? ሸክላው አልሄደም። ለዘመናት ባለ እጅን በጎሪጥ ሲያዩ የኖሩ ጎረቤቶች፣ ባለ እጆቹ ሲሄዱ ጭቃውን አነሡት። ገሚሶቹ ከመሄዳቸው በፊት አብረው ተቀምጠው ተምረዋል፤ ገሚሶቹ የተተወውን ዕቃ እያዩ ለመዱ። የክርስቲያኑ ቤት ሴት፣ አያቷ «አትጠጊያቸው» ያለቻትን ሥራ ዛሬ ልጆቿን ታሳድግበታለች። በመንደሩ የተከፈተው ፕላውሼር የተባለው የሴቶች የእጅ ሥራ ማሠልጠኛም፣ ኑሮ የከበዳቸውንና ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶችን ሸክላ፣ ሽመናና ስፌት ሲያስተምር ቆይቷል። እጅ ዘር እንደማይቆጥር ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ቡዳነቱ በጭቃው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚሠሩትንም በያዛቸው ነበር።

በጎዳናው ዳር የሚሸጡት ትናንሽ ምስሎች የቀድሞዎቹን ሰዎች መልክ አሁንም ይዘዋል። እንስራ ያዘለች ሴት፣ ልጇን የምታጠባ እናት፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ በራሱ ላይ ኮከብ ያለበት አንበሳ። የሚሠሩት እጆች ተለውጠዋል፤ ምስሉ ግን ያው ነው። እነዚህን ይገዙ የነበሩት በተለይ የውጭ አገር ጎብኚዎች ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. በገባው ወረርሽኝ፣ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን በተነሣው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት የተነሣ የጎብኚው እግር አጥሯል። ሴቶቹ ወደ ጥንቱ ገዢያቸው፣ ወደ እመቤቲቱ ማድ ቤት ፊታቸውን መልሰዋል። እርሷ ደግሞ ፕላስቲኩንና አልሙኒየሙን ለምዳለች።

ለቤት እመቤቶች

አንዳንዶቻችን «እኔ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው ያለኝ፤ ሸክላ ምን ያደርግልኛል?» እንል ይሆናል። እስቲ ምጣዱን በደንብ እንመልከተው። ገመዱና ብረቱ ከፋብሪካ ይመጣሉ፤ ሊጡ የሚፈስስበት ገጽ ግን ከሥሩ የጋለ ሽቦ የተዘረጋበት ሸክላ ነው። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትጋግረው ወጣት ሠራተኛ እንጀራዋ ዓይን የሚያወጣላት ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ ታሽቶ፣ በእሳት ያለፈ አፈር ነው። ከሸክላ ሠሪዋ ያልተገናኘች ኢትዮጵያዊት እናት የለችም ማለት ይቻላል።

እማማ ዕቃ ስለመምረጥና ስለመያዝ የነገሩኝ ለአንባቢዎቻችን ይጠቅማል።

ምጣድም ሆነ ጀበና ሲገዛ አንጠልጥሎ በጣት አጥንት ማንኳኳት ነው። ጥራት ያለው ድምፅ ቢሰጥ ደኅና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ቢሰጥ የማይታይ ስንጥቅ አለበት። ምጣዱን በዓይን ትይዩ አንሥቶ ዝርግነቱን መመልከት ያስፈልጋል። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ አይጋገርበትም። በለስላሳ እሳት ቀስ እያለ ይሙቅ፤ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነስነስበትና በጨርቅ ይታሽ፤ ገጹ እስኪጠቁርና እስኪለሰልስ ይደጋገም። በአንድ ጊዜ ኃይለኛ እሳት መልቀቅ፣ ወይም የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ያፈነዳዋል። ምጣድ በውኃ አይታጠብም፤ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። የሸክላ ድስት ደግሞ ከእሳት ሲወርድ በቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥም፤ ማስቀመጫ ይደረግለት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ስለ ዋጋው ማሰብ ይገባናል። በፋብሪካ የተሠራ ዕቃ ስንገዛ የተለጠፈውን ዋጋ አይተን እንከፍላለን፤ ከሸክላ ሠሪዋ ፊት ስንደርስ ግን አንድ ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት እንከራከራለን። የምንከራከረው ዕቃው ከጭቃ ስለሆነ ነውን? ወይስ የሠራችው ሴት ስለሆነችና እምቢ ለማለት አቅም ስለሌላት? አፈሩ ርካሽ ነው፤ እውነት ነው። የቆፈረው ክንድ፣ የተሸከመው ጀርባ፣ በጭስ የቀላው ዓይን ግን ርካሽ አይደለም።

ልጆቻችንንም እናስተምር። ዛሬም በከተማ ሳይቀር «ቡዳ ነው፤ ዓይኑ ይበላል» እያሉ ጎረቤትን የሚያሙ አሉ። ልጅ የሚታመመው በዓይን አይደለም፤ ባልተጣራ ውኃ፣ በጉንፋን፣ በምግብ ጉድለትና ሳይከተብ በመቅረት ነው። ጎረቤትን ሲጠራጠሩ ጊዜ ማጥፋት ልጁን ከሐኪም ያዘገየዋል፤ የሚያሳዝነው ጉዳትም ይህ ነው። ከቡዳ የሚጠብቅ ክታብ ከመፈለግ የክትባት ካርድ መያዝ ይሻላል።

ጎንደር የሄደ ሰው ግንቡን አይቶ ሲያበቃ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ግማሽ ቀን ለወለቃ ይስጥ። ልጆች ያሏት እናት ልጆቿን ይዛ ትሂድ። ጭቃው እንዴት ምጣድ እንደሚሆን ይዩ፤ ቢፈቀድላቸውም በገዛ እጃቸው ይሞክሩት። ጠማማ ጀበና መሥራት እንኳ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የቀመሰ ልጅ ሲያድግ ባለ እጅን አይንቅም። ኮከብ ያለበትን ጎጆም ይዩና፣ እነዚህ ሰዎች የት ሄዱ ብለው ይጠይቁ። ያን ጊዜ እናታቸው የምትመልሰው አታጣም። በዚህ አገር ብዙ እጅ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ እጃቸውን ወደድን፣ እነርሱን ግን ሳናውቃቸው ሄዱ፤ ዛሬ አጠገባችን ያሉትን ግን ለማወቅ ጊዜው አላለፈም ትበላቸው።